ስለ መደበኛው ስልክና ስለ ኢንተርኔት ስልክ ምስጢር አጠባበቅ

ቃል ሁለት ጠባይ አለው። አንዱ ለሁሉ ሊሰማ የሚገባው ነው፤ ሁለተኛው ለተነገረለት ሰው ብቻ ሊደርስ የሚገባው ነው። አዋጅ በአደባባይ ይነገራል፤ ምስጢር በጆሮ ይነገራል። መንግሥትም፣ ቤተ ሰብም፣ ንግድም ጸንተው የሚኖሩት እነዚህ ሁለቱ ሳይደባለቁ ሲቀሩ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአባቶች ተረትም አንድ ጊዜ የወጣ ቃል ተመልሶ የማይያዝ መሆኑን ሲያስጠነቅቀን ይኖራል። በዛሬው ጊዜ ቃላችንን የምንሰጠው ለሽቦና ለአየር ስለ ሆነ፣ ይህ ሽቦና ይህ አየር ምስጢራችንን ምን ያህል ይጠብቃል ብሎ መመርመር የሹምም፣ የካህንም፣ የነጋዴም ግዳጅ ሆኗል።

ስልክ ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መሆኑ የታወቀ ነው። ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም ከኢጣልያ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት መሣሪያ በቤተ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ፣ ሰውዬው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱ ካህናቱንና መኳንንቱን እጅግ አስደንግጦ የሰይጣን ሥራ ነው እስከ ማለት እንዳደረሳቸው ይተረካል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የጥበቡን ጥቅም አስቀድመው ስለ ተመለከቱ ከአሳባቸው አልተመለሱም፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር ተዘረጋ። የዚያን ጊዜ ሰዎች በምክንያታቸው ተሳስተው ይሆናል፤ ጥያቄያቸው ግን ከንቱ አልነበረም። ፊቱን የማናየው ሰው በእውነት እርሱ ራሱ መሆኑን በምን እናውቃለን? የተነጋገርነውንስ በመካከል ቆሞ የሚሰማ ማን ነው? ከ130 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የዓለም ሊቃውንት የሚመረምሩት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በአሳብ ብቻ ሳይሆን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ መርካቶ ይውረድ። በጠላት ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ከተዛወረ ወዲህ፣ ይህ ሠፈር የሀገሪቱ ንግድ ልብ ሆኖ ይኖራል። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ አንዋር መስጊድ፣ ከሸማ ተራ እስከ በርበሬ ተራ፣ ከምን አለሽ ተራ እስከ ዱባይ ተራ ቢዘዋወሩ ስልክ ያልያዘ እጅ አይገኝም። ነጋዴው ጧት ሱቁን ሲከፍት በኢንተርኔት ስልክ ከዱባይ ወይም ከጓንግዡ ካለው ሻጭ ጋር ዕቃውን በሥዕል እያየ ዋጋ ይከራከራል፤ ረፋድ ላይ በተራ ሞባይል ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ጅማ ደውሎ የጭነት መኪናው መቼ እንደሚነሣ ያስታውቃል፤ ከሰዓት በኋላም በ2013 ዓ.ም ሥራ በጀመረው በቴሌብር ወይም በባንክ ገንዘብ ይልካል፣ ይቀበላል።

የመርካቶ ንግድ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በቃል የሚኖር ንግድ ነው። ብዙ ብር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሱቅ በዱቤ ይሄዳል፤ ዋስትናውም የሰውዬው ስምና ድምፅ ነው። «እገሌ ነኝ፤ ለልጁ ስጠው» ማለት ከፊርማና ከማኅተም ያላነሰ ኃይል አለው። ስለዚህ የስልክ ምስጢር ቢደፈር በመርካቶ የሚጠፋው ወሬ ብቻ አይደለም። የነጋዴው የመግዣ ዋጋ በተወዳዳሪው ጆሮ ሊገባ፣ የጭነቱ መንገድና ሰዓት በወንበዴ ሊታወቅ፣ የባንኩም ቍልፍ በሌባ እጅ ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ገበያውን አቁሞ የያዘው መተማመን ሊፈርስ ይችላል።

እንግዲህ ከመደበኛው ስልክና ከኢንተርኔት ስልክ ምስጢርን አብልጦ የሚጠብቅ ማንኛው ነው? ብዙ ሰዎች አንደኛውን አመስግነው ሁለተኛውን ይነቅፋሉ። አንዳንዱ «የመንግሥት ሽቦ ይሻላል» ይላል፤ ሌላው «በዋትስአፕ ካወራህ ማንም አይሰማህም» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ፍርድ ለመስጠት አስቀድሞ የሁለቱን አሠራር ማወቅ ያሻል።

የመደበኛው ስልክ አሠራር እንዲህ ነው። ከሱቁ የሚወጣው ሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ በመንገድ ዳር ባለው ሣጥን በኩል አልፎ ወደ ስልክ ማዕከል ይገባል። በቀድሞው ዘመን ስልከኛው ገመዱን በእጁ እየሰካ ሰውን ከሰው ያገናኝ ነበር፤ በኋላም የእጁን ሥራ መሣሪያ ወረሰው። ሁለቱ ሰዎች ንግግራቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ አንድ መንገድ ለእነርሱ ብቻ ተለይቶ ይያዛል። የዚህ አሠራር መልካምነቱ ጠባቂው የታወቀ መሆኑ ነው። መንገዱ የሚያልፈው በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ጥፋት ቢደርስ የሚጠየቀው አካል አይጠፋም። ደግሞም መሣሪያው ኃይል የሚያገኘው ከማዕከሉ በሽቦው በኩል ስለ ሆነ፣ በሠፈሩ መብራት ቢጠፋም ስልኩ አይዘጋም።

ጕድለቱ ግን ቃሉ በመንገዱ ሁሉ ራቁቱን የሚሄድ መሆኑ ነው። በመንገድ ዳር ያለውን ሣጥን የከፈተ፣ ወይም በማዕከሉ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው፣ ሊያደምጥ ቢፈቅድ የሚከለክለው ማኅተም የለም። ወደ ሀገራችን በ1991 ዓ.ም የገባው ሞባይል ይህን ጕድለት በከፊል ብቻ አሻሻለው። ከእጅ ስልኩ እስከ አንቴናው ድረስ ባለው የአየር መንገድ ቃሉ ይመሰጠራል፤ ከአንቴናው ወዲያ ግን ምስጢሩ ተፈትቶ ወደ ማዕከሉ ይገባል። ይህም ደብዳቤን ከቤት እስከ ፖስታ ቤት አሽጎ ወስዶ በፖስታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ እንደ ማኖር ነው። በአሮጌዎቹ የሞባይል መስመሮች የሚሠራበት ምስጠራ ራሱ በ2002 ዓ.ም ሊፈታ እንደሚችል በሊቃውንት ተገልጧል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ድካም አለ። የዓለም ስልክ ማዕከሎች ጥሪን ለማቀባበል እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋ አለ፤ ባለሙያዎች ኤስ ኤስ ሰባት ብለው ይጠሩታል። ይህ ቋንቋ ከተሠራ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። በተሠራ ጊዜ የዓለም የስልክ ድርጅቶች ጥቂቶችና አብዛኞቹም በመንግሥታት እጅ የነበሩ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ሌላውን «አንተ ማን ነህ?» ብሎ እንዲጠይቅ አልተደረገም። ዛሬ ግን በዚያው ጉባኤ የሚገቡት ኵባንያዎች እጅግ ብዙዎች ናቸው። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም በጀርመን ሀገር በሐምቡርግ ከተማ በተደረገው የባለሙያዎች ስብሰባ፣ በዚህ በር የገባ ሰው የሩቅ ሰውን ጥሪና አጭር መልእክት ወደ ራሱ ሊያዞር እንደሚችል በግልጥ ታየ። በ2009 ዓ.ምም በዚያው በጀርመን ሌቦች አስቀድመው የባንክ የይለፍ ቃል ከሰረቁ በኋላ፣ ባንኩ ወደ ደንበኞቹ ስልክ የሚልከውን የማረጋገጫ ቍጥር በዚህ መንገድ ጠልፈው ገንዘብ ወሰዱ። ደንበኞቹ ስልካቸውን ከእጃቸው አልጣሉም፤ ለማንም ምስጢር አልነገሩም፤ ጕዳቱ የደረሰባቸው በመንገዱ ነው።

የመንገዱ ጠባቂ መታወቁ ብቻ እንደማይበቃ የሚያስረዱ ሁለት ታላላቅ ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው የግሪክ ነው። በ1996 ዓ.ም በአቴና የኦሎምፒክ ጨዋታ በተደረገበት ሰሞን ጀምሮ እስከ 1997 ዓ.ም ድረስ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ የሚኒስትሮችንና የሌሎችን ሰዎች ጨምሮ ወደ 100 የሚሆኑ የእጅ ስልኮች ሲደመጡ ቈይተዋል። ሰሚዎቹ በቮዳፎን የግሪክ ኵባንያ ማዕከሎች ውስጥ በስውር ያስገቡት ፕሮግራም የተጠቀመው፣ ፖሊስ በሕግ ፈቃድ ለማድመጥ እንዲችል ተብሎ በተሠራው በር ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ ነው። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ፣ የአሜሪካ መንግሥት ከቻይና ጋር የተያያዙ ናቸው ያላቸው፣ ቻይና ግን የካደችው ሰርሳሪዎች በታላላቆቹ የአሜሪካ የስልክ ኵባንያዎች ውስጥ ገብተው እንደ ተገኙ ተገለጠ። እነርሱም የብዙ ሰዎችን የጥሪ መዝገብ ከመውሰዳቸው በላይ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚፈጸመውን ማድመጥ የሚመለከተውን ነገር እስከ መቅዳት ደርሰዋል። ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ የሳይበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም በከፍተኛ ሥልጣን ላይ ላሉ ሰዎች በሰጠው ምክር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተመሰጠረ መነጋገሪያ ብቻ እንዲጠቀሙ አሳሰበ።

ከዚህ የምንማረው ሕጋዊ ማድመጥ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ወንጀለኛን ለመያዝ ዳኛ ሲፈቅድ ማድመጥ በብዙ ሀገር ሕግ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለጌታው የተሠራ ቍልፍ በሌባ እጅ ሊገባ እንደሚችል አውቆ፣ ቍልፉን ከቤቱ ይልቅ አጥብቆ መጠበቅ ይገባል።

አሁን ወደ ኢንተርኔት ስልክ እንመለስ። በዚህኛው አሠራር ለሁለቱ ተነጋጋሪዎች ተለይቶ የሚያዝ መንገድ የለም። ድምፁ በጥቃቅኑ ይቈራረጥና እያንዳንዱ ቍራጭ አድራሻ ተጽፎበት፣ ደብዳቤውም፣ ሥዕሉም፣ የሌላው ሰው ወሬም በሚሄድበት በሕዝቡ መንገድ ይላካል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሲደርስም እንደ ገና ይገጣጠማል። ስለዚህ በጠባዩ ብቻ ቢመዘን ከሽቦው ስልክ የተጋለጠ ነው፤ የሚያልፍባቸው ቤቶች ብዙዎች፣ ጠባቂዎቹም ልዩ ልዩ ናቸውና። በመጀመሪያው ጊዜ ብዙዎቹ የኢንተርኔት ስልኮች ቃሉን ሳይመሰጥሩ ይልኩት ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ሰዎች ቢጠራጠሩት አልተሳሳቱም።

ነገሩን የለወጠው ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባለው ጥበብ ነው። በዚህ ጥበብ ቍልፉ የሚፈጠረው በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መሣሪያ ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ በመካከል ያለው የስልክ ድርጅትም ሆነ ፕሮግራሙን የሠራው ኵባንያ ቃሉን ተሸክሞ ያደርሳል እንጂ ሊከፍተው አይችልም። ዋትስአፕ በመጋቢት 2008 ዓ.ም ይህን ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ አደረገ። በቴሌግራምም የሁለት ሰዎች የድምፅ ንግግር እንዲሁ የተመሰጠረ ነው። ነገር ግን በቴሌግራም የሚጻፈው ተራ መልእክት፣ ምስጢራዊ ውይይት የተባለው ካልተመረጠ በቀር፣ በኵባንያው ማኅደር የሚቀመጥና ቍልፉም በኵባንያው እጅ ያለ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለዚህ «የኢንተርኔት ስልክ» የሚለው አንድ ስም ልዩ ልዩ የሆኑ ነገሮችን ይሸፍናል፤ የታተመውን ካልታተመው ለይቶ ማወቅ የተጠቃሚው ፈንታ ነው።

በሀገራችን የኢንተርኔት ስልክ ጕዳይ መጀመሪያ የታየው በሌላ ዓይን ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም ከገባ በኋላ፣ አዋጅ ቍጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍን ከለከለ። ቀጥሎም የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 761/2004 ይህን አገልግሎት በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት፣ አገልግሎቱንም በሚያገኝ ሰው ላይ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እሥራት ደነገገ። የዚያ ሕግ አሳብ በይበልጥ ያተኰረው በመንግሥት ገቢና በሀገር ጸጥታ ላይ ነበር፤ በስልኩ የሚነገረው የዜጋው ምስጢር ይጠበቃል ወይስ አይጠበቅም የሚለው ጥያቄ ገና በሁለተኛ ተራ ነበረ። በ2011 ዓ.ም ግን አዋጅ ቍጥር 1148 ወጥቶ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ምም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጐን ሥራ ጀመረ። ዛሬ በመርካቶ የኢንተርኔት ስልክ በየሱቁ በግልጥ ይነገርበታል። ስለዚህ ጥያቄው «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» ከሚለው ተሻግሮ «እንዴት በጥንቃቄ ይያዝ» ወደሚለው ደርሷል።

ከሁለቱ ስልኮች መጋጠሚያ ላይ የሚሠራ አንድ ክፉ ሥራ ግን ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል፤ እርሱም ሲም ቦክስ በሚባለው መሣሪያ የሚደረገው ማጭበርበር ነው። አጭበርባሪዎቹ ከውጭ ሀገር የመጣውን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብለው፣ ብዙ ሲም ካርድ በተሰካበት መሣሪያ በኩል እንደ ሀገር ውስጥ ጥሪ አድርገው ያስገቡታል። ልጇ ከዐረብ ሀገር የሚደውልላት እናት በስልኳ የምታየው የማታውቀውን የሀገር ውስጥ ቍጥር ነው። መንግሥትና ሕዝብ ሊያገኙት የሚገባው ገቢ ከመጥፋቱ በላይ፣ በዚህ መንገድ የሚሄደው ቃል የመደበኛው ስልክ ሕጋዊ ጠባቂም፣ የአዲሱ ስልክ ማኅተምም የለውም። የሁለቱን ጕድለት ይዞ የሁለቱን በጎነት የተወ መንገድ ነው። ጥሪው በርካሽ ቢገኝም ዋጋው ርካሽ አይደለም።

ከጫፍ እስከ ጫፍ የታተመውስ የኢንተርኔት ስልክ ፍጹም ነውን? አይደለም። በመጀመሪያ፣ ማኅተሙ የሚሸፍነው በውስጥ ያለውን ቃል እንጂ በውጭ የተጻፈውን አይደለም። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተነጋገረ የሚያስረዳው መዝገብ በኵባንያው ዘንድ ሊታወቅ ይችላል። ነጋዴው በአንድ ሳምንት ከአንድ ሻጭ ጋር ሃያ ጊዜ መነጋገሩ ብቻ፣ ቃሉ ሳይሰማ፣ ለተወዳዳሪው ብዙ ነገር ይነግረዋል። ሁለተኛም፣ ይህ ስልክ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ኤሌክትሪክ ዲዳ ነው። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም በሀገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ በቈየበት ጊዜ በእርሱ ብቻ የተመኩ ሰዎች ከዘመዶቻቸውና ከደንበኞቻቸው ተለይተው ነበር። ምስጢር መጠበቅ የደኅንነት አንዱ ክፍል ነው፤ በችግር ቀን መገኘት ደግሞ ሌላው ክፍል ነውና ሁለቱም ሊታሰቡ ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። የመንገዱ ማኅተም በጠበቀ መጠን ሌባው መንገዱን ትቶ ወደ ቤቱ በር ይመጣል። በ2011 ዓ.ም ኤን ኤስ ኦ የተባለው የእስራኤል ኵባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም በዋትስአፕ ጥሪ በኩል ወደ 1,400 በሚሆኑ ስልኮች ላይ ተልኳል፤ ባለቤቱ ጥሪውን ባያነሣው እንኳ ወደ ስልኩ ሊገባ ይችል ነበር። ምስጠራው አልተሰበረም፤ ነገር ግን ቃሉ ከመታተሙ በፊት በተነገረበት ቤት ውስጥ ሰሚ ከተቀመጠ ማኅተሙ ምን ይጠቅማል? ኵባንያው ቀዳዳውን ደፍኖ ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራማቸውን እንዲያድሱ አሳሰበ። ፕሮግራሙን ሳያድስ ወራት የሚያሳልፍ ሰው እንግዲህ የተሰበረውን በር ሳይጠግን እንደሚተኛ ሰው ነው።

ይህን የመሰለው የረቀቀ ስለላ በታላላቅ ሰዎች ላይ የሚደረግ ነው። በመርካቶ ያለው ሌባ ግን እንደዚህ ያለ ድካም አያስፈልገውም። ይደውልና «ከባንክ ነኝ» ወይም «ከቴሌ ነኝ» ይላል፤ ሽልማት ደረሰህ ወይም ሂሳብህ ሊዘጋ ነው ብሎ ያስደነግጣል፤ በስልኩ የደረሰውንም የማረጋገጫ ቍጥር እንዲነግረው ይለምናል። ወይም በተሰረቀ የወዳጅ ስም ይጽፍና «በስሕተት ወደ አንተ የተላከ ቍጥር አለና መልስልኝ» ይላል። ሰውዬው ቍጥሩን በሰጠ ደቂቃ ውስጥ የቴሌግራሙ ወይም የዋትስአፑ ቤት ጌታውን ይለውጣል፤ ከዚያ ቀጥሎ ወዳጆቹ ሁሉ በእርሱ ስም ገንዘብ ይጠየቃሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አጭበርባሪው ሁልጊዜ የሚሸጠው ጥድፊያን ነው። በዚህ ጊዜ የሽቦው አሮጌነትም ሆነ የምስጠራው ጥበብ አያድንም፤ ቍልፉን ያስረከበው ባለቤቱ ራሱ ነውና።

አሁን ደግሞ ድምፅን አስመስሎ የሚናገር መሣሪያ መጥቷል። በ2011 ዓ.ም በእንግሊዝ ሀገር የአንድ ኵባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ በጀርመን ያሉት አለቃው የደወሉለት መስሎት 220,000 ዩሮ እንደ ላከ፣ ድምፁ ግን በመሣሪያ የተሠራ እንደ ነበረ ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥበብ ርካሽ እየሆነ ሄዷል። ንግዱ በድምፅ ለሚካሄድ ለመርካቶ ይህ ከሁሉ የሚከብድ ነገር ነው። ትናንት «ድምፁን አውቀዋለሁ» ማለት ማኅተምን እንደ ማየት ነበር፤ ከእንግዲህ ወዲህ ግን ድምፅ ብቻውን ማኅተም ሊሆን አይችልም። በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተጠየቀው ጥያቄ በዚህ መልክ ተመልሶ ደርሶብናል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። መደበኛው ስልክ ምስጢራችንን ለመንገዱ ጠባቂ አደራ ይሰጣል፤ በሚገባ የተመሰጠረው የኢንተርኔት ስልክ ግን አደራውን ከመንገዱ ጠባቂ ወስዶ በሁለቱ ጫፍ ላሉት ሰዎች ይመልሳል። በመንገድ ላይ ያለውን ቃል በመጠበቅ አዲሱ ይበልጣል። ነገር ግን አደራው ወደ እኛ በመጣ መጠን ጥንቃቄውም የእኛ ይሆናል። ጥንቃቄ የሌለው ሰው የተሻለውን ስልክ ይዞ ከቀድሞው የባሰ ጕዳት ሊደርስበት ይችላል።

ሕጉን በሚመለከት መሠረቱ አስቀድሞ ተጥሏል። በ1923 ዓ.ም የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕግ ከፈቀደው በቀር የኢትዮጵያን ተወላጅ ደብዳቤ ማንም እንዳይከፍት ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ይህንኑ ጥበቃ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ወደሚደረገው ግንኙነት አስፍቶታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን የሌላውን ግንኙነት መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የሰውን ዝርዝር ጕዳይ በእጃቸው የያዙትን ሁሉ ተጠያቂ ያደርጋል። የሚቀረው ሕጉ በሥራ መተርጐሙ ነው።

ሹማምንት በዚህ ረገድ ሁለት ግዳጅ አለባቸው። አንደኛው ስለ ሕዝቡ ነው። የስልክ ድርጅቶች የማዕከሎቻቸውን በር እንዲጠብቁና የጠፋ ሲም ካርድ ሲተኩ የጠያቂውን ማንነት አጥብቀው እንዲመረምሩ፣ ባንኮችም በአጭር መልእክት የሚላከውን ቍጥር ብቸኛ ቍልፍ እንዳያደርጉት መቈጣጠር ይገባል። ሁለተኛው ስለ ራሳቸው ነው። በመዝገብ ቤት ቍጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በተቈለፈ ሣጥን የሚቀመጠው የመንግሥት ደብዳቤ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲላክ ማየት የተለመደ ሆኗል። ደብዳቤው ቶሎ መድረሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅጂው በማን ማኅደር እንደሚቀር ላኪው አላሰበም። ምን ዓይነት ጕዳይ በምን ዓይነት መንገድ ሊላክ እንደሚገባ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሊወስን ያሻዋል።

ካህናትም ከዚህ ጕዳይ ውጭ አይደሉም። በውጭ ሀገር የሚኖሩ የንስሐ ልጆች በአዲስ አበባ ያሉትን የነፍስ አባታቸውን በኢንተርኔት ስልክ ማማከራቸው በዚህ ዘመን የታወቀ ነገር ነው። ምክሩ በምን መንገድ እንዲሰጥ መወሰን የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው፤ እኛ በዚያ አንገባም። ነገር ግን የንስሐ ልጅ በጽሑፍ ወይም በተቀዳ ድምፅ የላከው ነገር በአባት ስልክ ላይ ተቀምጦ እንደሚቀር፣ ስልኩም በሌላ እጅ ሲገባ ሊነበብና ሊሰማ እንደሚችል አባቶች ያስታውሱ። ስልኩን የሚከፍተው ቍጥር ለደቀ መዝሙርም ለዘመድም የሚሰጥ አይደለም። ከዚህም በቀር በቅዳሴ ፍጻሜ ለምእመናን በሚነገረው ማስታወቂያ መካከል ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች አንድ ቃል ቢጨመር፣ ጋዜጣ ለማያነቡ እናቶችና አባቶች ታላቅ ጥቅም ይሆናል። በመስጊድም እንዲሁ ቢደረግ መርካቶ በሁለት ወገን ይጠበቃል።

ነጋዴውም ልማዱን በጥቂቱ ያሻሽል። ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚጠይቅ ጥሪ በመጣ ጊዜ፣ ድምፁ የወንድሙ ቢመስለው እንኳ፣ ዘግቶ ቀድሞ በሚያውቀው ቍጥር ራሱ መልሶ ይደውል። ከቤተ ሰቡና ከታመኑ ደንበኞቹ ጋር በአካል ተገናኝቶ ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ይስማማ። በስልኩ የደረሰውን የማረጋገጫ ቍጥር ለማንም አይንገር፤ ባንክም ሆነ የስልክ ድርጅት ይህን ብሎ አይጠይቀውምና። በዋትስአፕና በቴሌግራም ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያቁም፤ ሌላ መሣሪያ በስሙ ተገናኝቶ እንደ ሆነም በየጊዜው ይመልከት። ለመማር የሚጠይቀው የአንድ ቀን ከሰዓት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚያድነው ግን የብዙ ዓመት ድካም ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ ይገባል። አባቶቻችን የስልክን ጥበብ ከፍርሃት በኋላ ተቀብለው ሀገርን ከሀገር አገናኝተውበታል። እኛም የኢንተርኔትን ስልክ መፍራት አይገባንም፤ በጭፍን ማመንም አይገባንም። አንዱ ነጋዴ ለሌላው በቃሉ ብቻ ጭነት ሙሉ ዕቃ የሚያስረክብበት መተማመን የመርካቶ ትልቁ ሀብት ነው። ያንን ሀብት ሽቦውም ምስጠራውም ብቻቸውን አይጠብቁትም፤ የሚጠብቀው አደራውን የተቀበለው ሰው ነው።